ሁለት ምስክር ያጣው ሰው

ፊርመን ንጋይሶ በዋካ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ የልደትና የሞት መዝጋቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ሲጽፍ ኖሯል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ጠባዩ ግን ቁጡ ነው። ስም ሳያወጣ ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አባት «ዶሮ ስትገዛ እንኳ ከዚህ የበለጠ ታስባለህ» ተብሎ ተመልሷል። የዛሬ አምስት ዓመት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ መዝገብ ቤቱ ሲቃጠል ያ ሁሉ ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ። የዚያን ቀን ዘበኛው የፊርመን ታናሽ ወንድም ኦጉስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሬሳው አልተገኘምና እናታቸው ማ ሶላንጅ ለቅሶ አልተቀመጡም። ፊርመንም ሌላውን ሰው ሁሉ እንደገና ሲጽፍ ወንድሙን በሕያዋንም በሙታንም መዝገብ አላሰፈረውም። የሰውን ሁሉ ጉዳይ ሲጨርስ የገዛ ቤቱ ጉዳይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ያሳፍረው ነበር።

ስለ እሳቱ ከተማው ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። ያቃጠለው የፊርመን አብሮ አደግ ዙምቤቲ ነው፤ እሱም እዚያው ተቃጥሎ ሞቷል። ሲገባ አየን ያሉ ነበሩ፣ ሲወጣ አየሁ ያለ ግን አልተገኘም። ከአመዱ ውስጥ ሰው መሆኑ እንጂ ማንነቱ የማይለይ ሬሳ ወጥቶ በዙምቤቲ ስም መንገድ ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀበረ። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሲዋጉ የነበሩት ሁለቱ ሰፈሮች ሲታረቁ ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ተደፋ። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እዚህ ግን ከሙት በቀር የተወቀሰ የለም። ሰላሙ ያዘ፣ ገበያው ተከፈተ፣ የወዲያ ማዶ ሰዎችም ካሳቫቸውን ተሸክመው መሻገር ጀመሩ። በመቃብሩ አጠገብ ያለፈ ሁሉ ይተፋበታል። ከሁሉም አብልጠው የሚተፉት ማ ሶላንጅ ነበሩ።

ዘንድሮ ምርጫ ሊደረግ ነውና ሰው ሁሉ እንደገና ይመዝገብ ተባለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሁለት ምስክሮች ያቀረበ ሐሙስ በምትመጣው ዳኛ ፊት ይጻፋል።

ሰኞ ጠዋት ፊርመን ከወረቀቱ ቀና ሲል ዙምቤቲ ግቢው ውስጥ ባለው የተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ከስቷል፤ የግራ ጆሮው የለም። የፊርመን እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ዙሪያውን ቢቃኝ ሌላ የደነገጠ ሰው አላየም። ሴቶቹ ለወጥ የሚለቀመው አባጨጓሬ ዘንድሮ ማነሱን ያወራሉ። አግዳሚው ጢም ብሎ ሳለ ከዙምቤቲ ቀጥሎ ግን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ቦታ አጥታ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሰውዬው ሲያስነጥስ እንኳ ዘወር ያለ የለም። ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የሚታየኝ ብሎ ፊርመን ፈራ፤ ተራው ሲደርስም ስሙን አልጠራም።

ማክሰኞም መጥቶ ተቀመጠ፤ ረቡዕም። ፊርመን አንድ ነገር ልብ ያለው ረቡዕ ነው። ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ሰው ሁሉ የዙምቤቲን እግር ላለመንካት ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ለካ ሁሉም ያዩታል። ይህን ሲያውቅ ከቀድሞው የባሰ ፈራ።

ከሰዓት የሰፈሩ ሹም ባባ ኮሲ ወደ ቢሮው ገቡ።

«ነገ ዳኛዋ ትመጣለች» አሉ። «ሙቀቱም ከፍቷል። ሰው በሙቀት ብዙ ነገር ያያል።»

«እኔ የማየው ጆሮ የሌለው ሰው ነው፣ ባባ።»

«እኔ አላየሁም። አንተም ብትተወው ይሻልሃል። እሱ አለ ከተባለ አፍ አለው። ቤንዚኑን ማን እንዳመጣ፣ በሩን ማን እንደዘጋ ይናገራል። ያኔ ሰላሙን ከየት ታመጣዋለህ?» በሩ ላይ ደርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ እሱ ከሌለበት መቃብሩ ውስጥ ማን አለ ይባላል። ለእናትህ እዘንላት።»

ፊርመን ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ስም ያልጠራው ለካ እሱም ይህንኑ ፈርቶ ነው። ዙምቤቲን ሕያው ብሎ ከጻፈ ወንድሙን ሙት ብሎ መጻፉ ነው። በራሱ አፈረ።

ሐሙስ ዳኛዋ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ከሩቅ የመጣች ወጣት ናት፤ የከተማውን ጉድ አታውቅም። ፊርመን ስሙን ጠራ። ዙምቤቲ ተነስቶ ቆመ።

«ምስክሮችህስ?» አለች ዳኛዋ።

«የሉኝም፣ እመቤቴ። ሰላም ስላቸው እንኳ አይመልሱልኝም። ሞተሃል ነው የሚሉኝ።»

«አንዱ እኔ ነኝ» አለ ፊርመን። «አብረን ነው ያደግነው።»

«አንድ አይበቃም።»

ከኋላ ማ ሶላንጅ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «የዚህን ልጅ እትብት የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ማ ሶላንጅ፣ ይቅርብሽ» አሉ ባባ ኮሲ። «የምትይውን አላወቅሽውም።»

«ከሰኞ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ኮሲ። እሱ እዚህ ከቆመ እዚያ የተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻኝም።» ወደ ዙምቤቲ ዞሩ። «አንተ ነህ ያቃጠልከው?»

«እሳቱን ለኩሼ በጓሮ ያመለጥኩት እኔ ነኝ። ሰው መኖሩን አላወቅኩም። ብቻዬን ግን አልነበርኩም።»

«እሱን ለዳኛዋ ትናገራለህ። የመሰከርኩልህ ለዚህ ነው። ሙት አይከሰስም።»

አንድ ሰው ከአግዳሚው ተነስቶ ወጣ። ሌላም ተከተለ፤ ሌላም። ማንም አልሮጠም። ባባ ኮሲ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀሩ። ፊርመን ጻፈ፤ ዳኛዋም ፈረመች።

«ቀጣይ» አለች።

ማ ሶላንጅ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ቀጣዩ የኔ ነው። የሞቱን መዝገብ አውጣ፣ ፊርመን።»

አወጣ። ዳኛዋ የሟቹን ስም ጠየቀች፤ ማ ሶላንጅ ኦጉስት ንጋይሶ አሉ። የሞተበትን ቀን ጠየቀች፤ ነገሯት።

«የተቀበረበት ቦታስ፣ እማማ?»

ማ ሶላንጅ አምስት ዓመት ሲተፉበት የኖሩትን መቃብር አስበው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከደኑ። ፊርመን «ከማንጎው ሥር» ብሎ ራሱ ጻፈው።