ሐይቁ ዳር ማን ይደር?

የከሚሴዋ ፋይዛ ሐይቅን የምታውቀው በወሬ ብቻ ነበር። በዒድ ሰሞን ቤተ ዘመዱ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ሊያድር ሲሄድ፣ ውሃው ወለል ብሎ የሚታይበትን የሾላ ጥላ ቀድማ መረጠች። የባሏ ታናሽ ወንድም በድሩ ግን፣ «እትዬ ፋይዛ፣ እዚህ ወንዶቹ ነን። ሴቶች ከመኪናው ጀርባ እደሩ፤ ለማብሰልም ይመቻችኋል» አላት።

«ጭስ ልጠጣ ነው ከከሚሴ ድረስ የመጣሁት? አላህ ውሃውን ለወንድ ብቻ ነው የፈጠረው?»

ደሟ ፈላ። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ወደ ሾላው በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ መስገጃዋን ዘርግታ፣ ወንዶቹ ወዳሉበት ወደ ቂብላ ዞራ ቆመች። በሚሰግድ ሰው ፊት ማን ደፍሮ ያልፋል? በድሩ ድንኳኑን እንደታቀፈ ተገትሮ ቀረ። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ግን ሾላው ሥር ገብተው የራሳቸውን ድንኳን ተከሉ።

ሶላቷን ጨርሳ ዞር አለች። «አንተ በድሩ፣ የመኪናው ጀርባ ይመቻል አላልክም? ሂዱና ወጡን ሥሩ!»