ሦስት ሰው ያልቆመባት ሣጥን

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ አይከፈት» ነው የሚለው። ስሙን ልጆች አወጡለት ይባላል እንጂ፣ መጀመሪያ ያወጣችለት የገዛ ልጄ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው፣ እየወጋ ይሰፋል። እሱ ግን ተቆጥቶ አያውቅም። «እውነቷን ነው፣ ምን ሐሰት ተናገረች» ይልና ያልፋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመጫወቻ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። ሱቁ ስል ከላይ ያለውን፣ መስታወቱና መብራቱ ዓይን የሚወጋውን ማለቴ አይደለም። እሱ የሚውለው ከታች፣ አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። ምሳውን ይዤለት ስወርድ ከጣሪያ እስከ ወለል በተደረደሩ ካርቶኖች መካከል፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሰክቶ አገኘዋለሁ። እያንዳንዷን ሣጥን በክብደቷ ያውቃታል፣ በቁጥሯ ያውቃታል፣ ላይዋ ላይ ባለው ሥዕል ያውቃታል። የማያውቀው ውስጧን ነው። ሣጥን የሚከፈተው ከላይ፣ ገዢ ፊት ነዋ! አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት ወደ ላይ አስጠርቶት አንዲት አሻንጉሊት አሳየውና «ይቺ የትኛዋ ናት? ሌላ አለን?» አለው። ወንድሜ አገላብጦ አገላብጦ አያትና «ጌታዬ፣ ልብሷን ለብሳ ካልመጣች አላውቃትም» አለ። ልብሷ ያለው ሣጥኗን ነው። ይህን እስከ ዛሬ ድረስ እያነሳን እንስቃለን።

ግምጃ ቤቱ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። እሽጉ ያልተነካ ዕቃ ሙሉ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ማንም «ውስጡን አሳየኝ» አይልም። እሽግ ይፈታ ከተባለ ግን ሦስት ሰው መቆም አለበት። ከሦስቱም ቢያንስ አንዱ የማይዛመድና ዕቃውን የሚያውቅ መሆን አለበት። ወንድሜ ይህን ሕግ በጆሮው ብቻ አይደለም የተማረው። ገና ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ብቻውን ካርቶን ከፍቶ ተገኘ፤ አንዲት ትንሽ መኪና ጎደለች ተባለ። ልጁ አልወሰደም። ግን ማን ይመስክርለት? በዚያው ከሥራ ወጣ፣ በዚያው ጠፋ። ወንድሜ ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ ይወርዳል።

ሱቁ ሲዘጋ ባለቤቱ ከድሮ ጀምሮ ሳይሸጡ ከቀሩት ዕቃዎች ሠራተኞቹን «የፈለጋችሁትን ውሰዱ» አላቸው። ሌላው ሠራተኛ ጠረጴዛና ወንበር ሲሻማ፣ ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ሣጥን አሻንጉሊት፣ የቆርቆሮ መኪናና ባቡር በሁለት ዙር ጋሪ ጭኖ መጣ። ሚስቱ በዚያ ሰሞን አርፋ ነበር፤ ልጅም አልወለዱ። እኔ ዘንድ ከኋላ ያለችውን ክፍል ሰጠሁት። መደርደሪያ አስመታ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው መጋረጃ ጋረደባቸው። በየሳምንቱ በጢም መላጫ ብሩሽ አቧራቸውን ያራግፍላቸዋል።

ልጄ ከበሩ ላይ ቆማ፣ «አጎቴ፣ መጫወቻ እኮ ነው! ሬሳ ነው እንዴ ተገንዞ የሚቀመጠው?» ትለዋለች።

«ሬሳማ ይቀበራል። እነዚህ ገና አልተወለዱም» ይላታል።

ከሁሉም መካከል አንዷ ሣጥን ሥዕል አልነበራትም። ግራጫ ናት፣ የጫማ ካርቶን ታህላለች፣ በሲባጎ ታስራ በሰም ታሽጋለች። ላይዋ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ማናችንም በማናነበው ፊደል የተጻፈች ናት። ከሌላ ጭነት ጋር ተሳስታ የመጣች ሳትሆን አትቀርም፤ ወንድሜ የመጣችበትን አያውቅም። እሷን ብሩሽ አያስነካትም፣ በእጁ ነው የሚያብሳት። አንዳንዴ ወደ ጆሮው ያስጠጋና ቀስ አድርጎ ዘንበል ያደርጋታል። ከውስጥ አንድ ነገር «ቅጭል» ይላል።

«መርከብ ናት» ይለኛል። በሌላ ቀን ደግሞ «ባቡር ናት፣ እታለም። ባቡር ካልሆነች ምን አለ በይኝ።»

«ታዲያ ለምን ከፍተህ አታያትም?»

«ከከፈትኳትማ አንድ ነገር ብቻ ትሆናለች።»

ኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም ይመላለስ ጀመር። አሮጌ መጫወቻ ይሰበስባል፤ ስለ ወንድሜ ሣጥኖች ከአንድ ታካሚው ሰምቶ ነው የመጣው። ጨዋ ሰው ነው፣ የሥራ ጓንቱን አጥልቆ ነው ሣጥኖቹን የሚነካው። ያቺን ግራጫዋን ሲያይ ትንፋሹን ያዘ። «ጋሼ፣ አደራዎን፤ እሽጓ እንዳይነካ። ጥርስ እንኳ ቢነቀል ሰው ሠራሽ ይተከልለታል። ይቺ ግን አንዴ ከተከፈተች ተመልሳ ያልተከፈተች አትሆንም» አለው።

ልጄ እሱ ገና ከግቢ ሳይወጣ፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት የሚውል ሰው፣ ሣጥን አይከፈት ይላል!» ብላ አሳቀችን።

እኔ ከማንኛቸውም ጋር አልነበርኩም። ልጄ ስትናገር እሷ ልክ ትመስለኛለች፤ ሐኪሙ ሲናገር እሱ። ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ መጨረሻ የተናገረ ይረታዋል።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። መጀመሪያ የበር መቃን ይገጨው ጀመር። ቀጥሎ ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ውጭ ይፈሳል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን በጎኑ ቆሜ ሳለሁ «እታለም የት ሄደች?» ብሎ ልጄን ጠየቃት። የዚያን ለት ደነገጥኩ። አንዲት ወጣት የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ጅማቱን ዳር ዳሩን እየበላው ነው፣ የቀረው መሐሉ ብቻ ነው አለች። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ወንድሜ ጊዜውን ጠየቃት። ሐኪሟ አንገቷን ሰበረች። «አባባ፣ ይሄ ነው ማለት አልችልም። ግን ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አያቆዩት» አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ የእጅጌዬን ጫፍ ይዞ ነበር የሚሄደው። ብዙ ሄድን። ከዚያ፣ «እታለም፣ ልክፈታት ወይ?» አለኝ።

«እንደ ወደድክ ጋሼ» አልኩት።

እንደ ወደድክ! አክብሮት ይመስላል፤ ግን ሽሽት ነው። ታላቄ ነው፣ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ እሱ ባለው ነው ያደርኩት፤ እኔ ምን ብዬ ልወስንለት? ያን ቀን «ክፈታት፣ አሁኑኑ ገብተን ክፈታት» ብዬው ቢሆን ይከፍታት ነበር። የፈለገውም እሱን ነበር መሰለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ወለምታ ደግሞ ካላልኩት ነገር ነው የመጣው።

በማግሥቱ ራሱ ቆረጠ። ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ትከፈታለች አለ። ግን ሦስት ሰው ይቁም።

«እኔ አለሁ፣ ልጄ አለች፣ አንተ አለህ። ሦስት» አልኩት።

«ሁላችንም አንድ ቤት ነን። አንዱ ባዳ መሆን አለበት።»

«ጎረቤት ልጥራ?»

«ዕቃውን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል?»

ልጄ ራሷን ያዘች። «የምን ሕግ ነው አጎቴ? ሱቁ እኮ ፈርሶ ባንክ ቆሞበታል!»

«ሱቁ ይፍረስ። ሕጉ ምን አጠፋ?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ አጎቴ። ዓይንህ ቀጠሮ አይጠብቅልህም።»

አልሰማትም። ለጥርስ ሐኪሙ ስልክ አስደወለን። «እመጣለሁ ጋሼ» አለ ሐኪሙ። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሣጥኗንና ምላጩን ፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። ሐኪሙ አልመጣም፤ ፊቱ ያበጠ ታካሚ መጣብኝ አለ። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ሄደ። ወንድሜ ሣጥኗን ወደ መደርደሪያዋ መለሳት። በሁለተኛው ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ አለ። በሦስተኛው መኪናው ተበላሸ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰኞ ዕለት ክሊኒኩ ሄድኩ። ሐኪሙ እንዳየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወንበር ሳበልኝ።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። እኔ ካልመጣሁ አይከፍቷትም፤ አይደለም?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አልመጣም። ሣጥኗን ላድን ብዬ ነው፣ ክፋት የለኝም።»

«ዓይኑስ?» አልኩት።

«ዓይናቸው ሣጥኗ ብትከፈት አይድንም እኮ።»

ልክ ነው፤ አይድንም። ግን እኔ ያልኩት እሱን አልነበረም። ያልኩትን እንዴት አድርጌ እንደምለው አጣሁና ተነሥቼ ወጣሁ። ቤት ስገባ ወንድሜ «ምን አለሽ?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ይመጣል» አልኩት። እውነቱን ብነግረው ሕጉን ይጥስ ነበር ወይስ ያዝን ነበር? አላውቅም። ለልጄም አልነገርኳትም፤ አፏን ስለማውቀው ፈራሁ። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ ሣጥኗ አጠገብ መቀስ ይዤ ቆሜ ነበር። ሲባጎዋን ብቻ ልቁረጥና ተበጠሰች ልበል ብዬ። መቀሱን ወደ ቦታው መለስኩት።

በአምስተኛው ቅዳሜ ቁርሱን ላቀርብለት ስገባ እንደ ልማዱ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ጢሙን ሲላጭ ጉንጩን ቆርጦታል፣ ደሙ ደርቋል።

«እታለም፣ መጋረጃውን ግለጪው እንጂ» አለኝ።

መጋረጃው ተገልጧል። ፀሐዩ እጆቹ ላይ ነበር፣ ሣጥኗም ላይ፣ ሁሉም ቦታ። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ቀለበቶቹ እንዲሰሙት ብዬ የተገለጠውን መጋረጃ ወዲያና ወዲህ ሳብኩት።

«ገለጥሽው?»

«ገለጥኩት።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየና፣ «እንግዲህ ደመና ነው» አለ። ደመና እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ ሙቀቱ ፊቱ ላይ አለ።

ወጥቼ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ የክሊኒኩንም ጭምር። መርፌዋን የምትሰፋው እጀ ጠባብ ላይ እንደ ሰካች ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ታካሚዎቹ ፊት ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ ሐኪሙ ግን ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ ከኋላዋ ተከትሎ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ወንድሜን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ልጄ።

«ዝም በይ» አልኳት።

ወንድሜ ግን የጫማውን ድምፅ ሰምቶ ነበር። «መጣህ ልጄ? በል እዚህ ቁም። አሁን ሞላን።»

«ጋሼ… አሁንማ እንዲሁ ትቀመጥ። ምን ያደርጋል?» የሐኪሙ ድምፅ ተሰባብሮ ነበር።

«ዛሬ ብዬ ቀጥሬያለሁ» አለ ወንድሜ።

ሰሙን በጥፍሩ ፈልጎ አገኘው፣ ምላጩን ከሥሩ አስገባ። ሲባጎዋ ተፈታች። ክዳኑን አንሥቶ ወረቀቱን ሲገልጥ፣ የቆየ ቀለምና የዘይት ሽታ ወጣ። ጣቶቹ ገቡ።

«መርከብ አይደለችም» አለ። ቀጥሎ፣ «ሰው ነው። አይ፣ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ተቀምጧል። ይሄ በእጁ የያዘው ምንድን ነው?»

«መቀስ ነው ጋሼ። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የተቀመጠው ጸጉሩን የሚቆረጠው ነው» አልኩት።

«ጸጉር አስተካካይ!» አለና ሳቀ። «ይሄ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ጸጉር አስተካካይ አላልኩም!»

ሐኪሙ ከወረቀቱ ሥር አንዲት ትንሽ ቁልፍ አገኘ። ጀርባዋ ላይ ሰክቶ ሞላትና ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? የቆርቆሮው ጸጉር አስተካካይ ጎንበስ ብሎ መቀሱን ሲያስጠጋ፣ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ሰብቆ ዞር ይላል። አስተካካዩ ቀና ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ሰውዬው በዚያም ይዞርበታል። ሐኪሙ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። ያ ጨዋ ሰው እንደ ሕፃን እየጮኸ ሳቀ። ልጄም ሳቀች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

«ምንድን ነው?» አለ ወንድሜ፣ እሱም ፈገግ ብሎ፣ ፊቱን ከአንዳችን ወደ አንዳችን እያዞረ። «ምን አደረገ? ምን ሆነ?»

«ሊቆርጠው ሲል…» አልኩት።

«እሺ?»

«ሰውዬው ደግሞ…» ልቀጥል ስል አሁንም ዞረበትና ሳቅ ያዘኝ። ሳቄን ስጨርስ በቁልፍ የተሞላው አለቀ፣ መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

«ቆመች?»

«ቆመች።»

«እስቲ ድገሙልኝ።»

ሐኪሙ እንደገና ሞላት። ወንድሜ ጆሮውን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አደረገ። አሁን ማንም አልሳቀም። «አሁን ጎንበስ አለ» አልኩት፣ «አሁን ዞረበት፣ አሁን ራሱን ነቀነቀ።» እኔ አንዱን ተናግሬ ሳልጨርስ መጫወቻዋ ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ አልደርስባት አልኩ።

«ምን ለብሷል?»

«አስተካካዩ? ቀይ ኮት።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ነዋ ጋሼ።»

«ቀይ መሆኑንማ ሰማሁ፣ እታለም። ምን ዓይነት ቀይ?»

ልጄን አየኋት፤ የጨርቅ ቀለም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ሐኪሙ አቀርቅሮ ቁልፉን ለሦስተኛ ጊዜ ማዞር ጀመረ።