ጎማዬን የወሰደው ሻምፒዮን

ሻምፒዮን ያደረግኩት እኔ ነኝ ብል ጉራ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። በብስክሌት ክለባችን እሱ መሪ፣ እኔ ረዳት ነበርኩ። የረዳት ሥራ ፊት ፊት እየጋለቡ ለመሪው ነፋሱን መመከት፣ ጎማው ከተነፈሰም የራስን ፈትቶ መስጠት ነው። በአንዱ ውድድር ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ስንመለስ ዳገቱ ላይ የፊት ጎማው ተነፈሰበት። የእኔን ፈትቼ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሄደ። የክለቡ መኪናም እሱን ተከትላ አለፈችኝ።

ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሐይቅ ስገባ ዋንጫው ለእሱ ተሰጥቶ አልቋል። ወድቄ የመጣሁ የመሰላቸው ሽማግሌዎች ከበቡኝ። «አብሽር ልጄ፣ መውደቅ ያለ ነው፤ አላህ ለከርሞ ያግዝህ» ብለው ዱአ አደረጉልኝ። አልወደቅኩም ብል ማን ይሰማኛል፤ አሚን ብዬ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ለውጥ መጣ ተባለ። ለአሮጌዎቹ ገዥዎች ሲያጨበጭቡ የኖሩት ሹሞች ካናቴራ ቀይረው መድረክ ላይ ወጡ፤ ሻምፒዮኑን መሃላቸው አቁመው ጋቢ አለበሱት። ማይክራፎኑን ይዞ «ማንም አልረዳኝም፤ በራሴ ላብ ነው» አለ። አጨበጨቡለት። ማጨብጨብ መቼ አቅቷቸው ያውቃል። እኔ ከሕዝቡ መሃል ቆሜ ናቅኩት፤ ንቀቴም ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ጦርነት አምባሰል ሲደርስ ሹሞቹ ቀድመው በመኪና ሾለኩ። ሻምፒዮናቸውን ማን አስታውሶት። እኔ እግሯ የማይሄድላትን እናቴን የብስክሌቴ ኮርቻ ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ የደሴን መንገድ ያዝኩ። ከሐይቅ ትንሽ እንደወጣን ብስክሌቱን እየጎተተ ከኋላ ደረሰብን። የፊት ጎማው ተንፍሷል። በሌላ ሰው ስም ጠራኝ። ያን ሁሉ ዓመት ነፋስ የመከትኩለት ሰው ስሜን አያውቀውም።

«ጎማህን ስጠኝ ወንድሜ፤ እኔ የታወቅኩ ሰው ነኝ፣ ቢይዙኝ ይገድሉኛል» አለ። እናቴን ዞር ብሎም አላያት።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለች እሷ፣ ኮርቻውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ።

«እግር አለህ» አልኩት።

ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ተከተለን። አብረውን የሚሸሹ አንድ ሽማግሌ አዩትና «አብሽር ልጄ፣ መውደቅ ያለ ነው» አሉት። አልወደቅኩም ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ደሴ እስክንገባ ለሁሉም ያስረዳ ነበር፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬም አላፈርኩበትም።