ጫማ አስይዞ መተኛት

በደርግ ዘመን ከጎንደር ወደ መተማ ቲማቲም የሚያወርድ ነጋዴ ሁለት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ ቲማቲም መምረጥና መኪና ጋር ማደር። ቲማቲም መምረጡን ማንም ይለምደዋል።

መንገድ ላይ ሸሕዲ ከተማ ኬላው ማታ ይዘጋል። የደረሰው መኪና ሁሉ እዚያው ያድርና ጠዋት ወታደር አጅቦት በቅፍለት ወደ መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። ቅፍለቱ ያመለጠው ሌላው እስኪነሳ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል። ሳሙና የጫነ ይጠብቅ፤ ሳሙና አይቸኩልም። ቲማቲም ግን በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ከቆመ ወጥ ሆኖ ይቆይሃል፤ የሚጎድለው እንጀራው ብቻ ነው።

ታዲያ የት ይተኛል? ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግተህ ብትተኛ ትቀቀላለህ፤ ከፍተህ ብትተኛ ቢምቢ ይጨርስሃል። ጭነቱ ላይ እንዳትወጣ ቲማቲም ነው። የቀረህ ከመኪናው ሥር ነው። ነፋስ አለ፣ ጤዛ የለም፣ ጎማው ትራስ ይሆናል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሹፌሩ ረስቶህ ጠዋት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌሮች ሕግ ነበራቸው። ከሥር የሚተኛ ሁሉ አንድ እግር ጫማውን ለሹፌሩ ያስይዛል፤ ጫማው ሁሉ በባለቤቱ እጅ እስኪገባ ሞተር አይነሳም።

የእኔ ሹፌር ሽማግሌ ነበሩ፤ ያንን ሕግ ከጾም አስበልጠው የሚያከብሩ። ያን ሌሊት ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የጎጃምና የወሎ ቀን ሠራተኞች ከእኔ ጋር ከመኪናችን ሥር ተደርድረው አደሩ። ሹፌሩ በጋቢናው መስኮት፣ በጨለማ የተዘረጋላቸውን ጫማ ሁሉ ማንነቱን ሳይጠይቁ ተቀበሉ።

ጠዋት ፊሽካ ተነፋ። ሠራተኞቹ በረባሷቸውን ወሰዱ፣ እኔም የራሴን። አንድ ቀረ፤ ጥቁር ከስክስ፣ የግራ እግር።

«ባለቤቱ ይምጣ» አሉ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ከሥር ሰው የለም። ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ጫማው ግን አለ።»

«ሰው ከሌለ ማንን እንጨፈልቃለን?»

«ጫማውን ሊወስድ ሲመጣ እንጠይቀዋለና!»

አንዱ ጎጃሜ ሣቀ፤ «አያ፣ ሰውየው ባለ አንድ እግር ይሆናል። ትርፉን ትቶልዎት ሄደ።»

«አንተ ዝም በል፤ ያንተን ወስደሃል።»

ከፊታችን ያሉት መኪኖች ሞተር አስነሱ። ቲማቲሜ ሲበስል ይሰማኝ ጀመር። መቶ አለቃው ወታደሮቹን አሰልፎ ስም ይጠራል። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ጎልማሳ ብቻ ከናፍታ በርሜል ኋላ ነው፣ ከደረቱ በታች አይታይም። ዓይኑን ከእኛ መኪና አይነቅልም።

ገባኝ። ቅፍለቱን ሊጠብቅ የቆመው ዘብ ከቅፍለቱ ሥር ተኝቶ አድሯል። ሕጉን አክብሮ ጫማውን አስይዟል፤ ፊሽካው ሲነፋ ደግሞ ባንድ እግሩ ሮጧል። መጥቶ ቢወስድ በዘብ ተራው መተኛቱን በገዛ አፉ መናገሩ ነው፤ በዚያ ዘመን የዚያን ቅጣት ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ይዤለት ብሄድም አሳልፌ መስጠቴ ነው።

«ጋሼ፣ ባለቤቱን አውቄዋለሁ፤ እኔ ላድርስለት?»

«አድርስ። እግሩ ጫማው ውስጥ ሲገባ ሳላይ ግን ቁልፍ አላዞርም።»

አንድ ሣጥን አጎደልኩ፣ ከስክሱን ከሥር አስተኛሁ፣ ቲማቲም አለበስኩትና መቶ አለቃው ፊት ቆምኩ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሰፊው ሕዝብ ለጀግናው ሠራዊታችን ያበረከተው ነው።»

በእነዚያ ቃላት የተሰጠን ነገር እምቢ የሚል ሹም አልነበረም። ይሄኛው እንዲያውም እዚያው ይመርጥ ጀመር። አንድ አነሳ፣ ገመጠ። ሁለተኛ አነሳ። ሦስተኛውን ሲያነሳ የከስክሱ አፍንጫ ብቅ አለ።

«ጓድ፣ እኛ ነጋዴዎች ጥሩውን ከላይ ነው የምንደረድር። ከሥር ያለው ለእርስዎ አይሆንም» አልኩ፣ በክንዴ እየሸፈንኩ። ስለ ሣጥን እውነት ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከት ብሎ ሣቀ። «ሌባ! ውሰድና ለእነዚያ ወታደሮች ስጥ።»

በርሜሉ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ወታደሩ ቲማቲም የሚመርጥ መስሎ አጎነበሰ፤ እግሩ ከስክሱ ውስጥ ሲገባ ጭርቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከበርሜሉ ኋላ ወጥቶ ቀጥ አለ፣ ሰላምታ ሰጠ። ከጫማው ማሰሪያ ቀዳዳ ቀይ ፈሳሽ ወረደ።

«ቆስለሃል እንዴ?» አለ መቶ አለቃው።

«ቲማቲም ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ!»

«ከስክስ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ወታደሩ እኔን አየኝ። «ለእግር መላጥ ፍቱን ነው፣ ጓድ» አልኩ። «ሱዳኖቹ ሌላ መድኃኒት አያውቁም።»

መቶ አለቃው የያዘውን ቲማቲም ገልበጥ አድርጎ መረመረው። ቀጥሎ፣ «እግሩ የተላጠ ሰው ጭነት ላይ አይንጠላጠልም። ያንተ ጋቢና ይግባ፤ እናንተን ያጅብ» ብሎ አዘዘ።

የእኛ ኤንትሬ ወዲያው ሲያጓራ ሰማሁ። ሹፌሩ አይተዋል።

ወታደሩ በእኔና በሹፌሩ መሃል ተቀመጠ። ከከተማው ሳንወጣ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ጠመንጃው ከጉልበቱ ሲንሸራተት ያዝኩት፤ ሹፌሩ፣ «አፈሙዙን ወደ ውጭ አድርገው እንጂ!» አሉኝ። እስከ መተማ ድረስ ጠመንጃ አቅፌ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየቃኘሁ ወረድኩ፤ ታጃቢው አጃቢ ሆኜ። ወታደሩ ያንኮራፋል። ቲማቲሙ እንደ ጠነከረ ገባ።