እናቴና የሐሙስ ሮቶ

ሚዛን ከተማ ያለው ቤታችን ሽንት ቤት መቀመጫ አለው ብዬ ለእናቴ በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። ውሸት አልነበረም። መቀመጫው አለ፤ ከጀርባው ያለችው ነጭ የውሃ ማጠራቀሚያም አለች። ከግድግዳው ወደ ማጠራቀሚያዋ የምትወጣው ቱቦ ግን አርጅታ ስለምታፈስ፣ የውሃውን መዝጊያ ጥርቅም አድርገን በባልዲ መድፋት ከጀመርን ከርመናል። ይህን በስልክ አልነገርኳትም።

እናቴ ከጌጫ የመጣችው ለጉልበቷ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ያለው እዚሁ አጠገባችን አማን ስለሆነ እኛ ጋ ሆና መመላለስ አለባት፤ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም ተከልክላለች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። እናቴ ሁልጊዜ ስትመጣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ “ላሟን ማን ያልባት?” ብላ መመለሻዋን የምታሰላ ሴት ናት። አሁን ግን በሐኪም ትእዛዝ እጄ ገብታለች።

በመጣች ማግስት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣ አገኘኋት።

“እማዬ፣ ምን ሆንሽ?”

“ባልዲውን ያዥና ተከተይኝ።”

ለካ ቀኑን ሙሉ ይዛው ነው የዋለችው! ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳችን ላይ ሲሰፋ ይውላል። እሷ በዚያ ጉልበት ባልዲ ማንሳት አትችልም። አማቿን “ሽንት ቤት ልገባ ነው፣ ውሃ አምጣልኝ” ከምትል ደግሞ ሞቷን ትመርጣለች። እሱም ቢሆን እሷ ፊት እግሩን ዘርግቶ እንኳ የማይቀመጥ ሰው ነው።

ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ቁርጡን ነገረችን። “አርብ ጠዋት እሄዳለሁ።”

“ሕክምናውስ?”

“ይቅር። አማቼ ፊት ከምዋረድ ማንከስ ይሻለኛል።” ይህን ያለችው ለእኔ ነው፤ አማቿ ግን እዚያው ማዕድ ላይ አብሮን ነበር። ጆሮው ቀላ። ወለሉን እያየ “እማማ፣ እስከ አርብ ይሠራል” አለ።

እኔ ሳቄ መጣ። ይህ ሰው አሮጌ ኮት ገልብጦ አዲስ ያስመስላል እንጂ ቧንቧ ነክቶ አያውቅም። ግን ምን አማራጭ አለ? በእኛ ሰፈር ውሃ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚለቀቀው። ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ ያለው ሮቶ ይሞላል፣ ሳምንቱን ያደርሰናል፣ ረቡዕ ሙልጭ ይላል። ስለዚህ ረቡዕ ቧንቧ ለመፍታት ጥሩ ቀን ነው። የሚያስፈራ ውሃ የለም።

ባለቤቴ ረቡዕ ጠዋት ያቺን አሮጌ ቱቦ ፈትቶ ለናሙና ኪሱ ከተታትና ወደ ገበያ ሄደ። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ መዝጊያ፣ የጎማ ቀለበቶችና የቱቦዋ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ነጭ ቴፕ ይዞ ተመለሰ። አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው የልብስ ሜትር ከግድግዳው እስከ ማጠራቀሚያዋ ለካ። ሱሪ የሚያሳጥር ይመስል ነበር። ቴፑንም ሳይቸኩል፣ ክር እንደሚጠቀልል ሰው ጠመጠመው። ሲጨርስ አፉን ሞልቶ “ተሠራ!” አለ።

“ውሃ ሳይኖር በምን አወቅህ?”

“ነገ ታያለሽ።”

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን “ውሃ መጣ!” ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ጀሪካኑ ሮጠ፤ እኛ ወደ ሽንት ቤት። ሮቶው ውሃ እስኪይዝ ጠበቅን። እሱ ተንበረከከ፣ እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ፣ እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች። መዝጊያውን ከፈተው። ቱቦዋ ተንፈቀፈቀች፤ ማጠራቀሚያዋ መሙላት ጀመረች። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ጠብ። ደግሞ ጠብ።

እናቴ ዘወር ብላ ሄደች፤ ወዲያው የቦርሳዋ ዚፕ ሲዘጋ ሰማሁ።

ባለቤቴ ግን መዝጊያውን ዘግቶ ቱቦዋን ከላይ ፈታትና ጣቱን ከማጠራቀሚያዋ አፍ ላይ አሳረፈ። “አንቺ! አሮጌው ጎማ እዚህ ተጣብቆ ቀርቷል። አዲሱን የገጠምኩት በላዩ ላይ ነው!” ስፌት በሚተረትርበት ምላጭ ፈለቀቀው፤ የደረቀ ማስቲካ መስሏል። መልሶ ገጠመና ከፈተ። መጋጠሚያውን በመዳፌ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። በነጠላዬ ጫፍ ሞከርኩት፣ ደረቅ ነው!

“እማማ፣ ይምጡ! ይግቡና ይሞክሩት!” ብሎ ጮኸ። ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። ዘሎ ወደ በረንዳው ሮጠና፣ ምንም እንዳይሰማ ብሎ መሰለኝ፣ ባዶውን የስፌት መኪና በኃይል ይረግጥ ጀመር።

እናቴ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ቆይቶ ውሃው ሹ ብሎ ወረደ። ማጠራቀሚያዋ ሞልታ ዝም ስትል እንደገና ሹ አለ። ከዚያም ደግሞ።

“እማዬ፣ ሮቶው እኮ እስከ ሐሙስ ሊያደርሰን ነው!”

“ለእኔ አይደል የተሠራው?” አለች ከውስጥ። ሳቋን ስሰማ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። በረንዳው ላይ መኪናው ቀጥ አለ።

አርብ ጠዋት ቦርሳዋ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ እሷ ግን ጫማዋን አላደረገችም። “ሮቶው እስከ ሐሙስ ያደርሳል ያልሽው እውነት ነው?” አለችኝ። “እሱን አይቼ ብሄድ ይሻላል።”

ሐሙስ ደረሰ፤ ሮቶውም አደረሰ። “በዚህ ሳምንት ልብስ አላጠባችሁም፤ የሚቀጥለውን ልየው” አለች። በሚቀጥለውም ሌላ ምክንያት አላጣችም።

ዛሬ ጉልበቷ ድኗል፤ ሐኪሙም በሰላም ግቢ ብሎ ሸኝቷታል። ምርኩዟን የምታነሳው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው። ወደ ግቢው ትወጣና የሮቶውን ሆድ ከታች እስከ ላይ ታንኳኳዋለች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ራሷን እየነቀነቀች ትመለሳለች።

“አድርሷል” ትለኛለች። “ግን ገና አላመንኩትም።”