የዳቦ መኪናው ቁልፍ

ብስክሌቱ መጀመሪያ የባሏ ነበር። ዳቦ አከፋፋዩ ባሏ ቀበቶው አልደርስ ሲለው «ከዛሬ ጀምሮ ስፖርተኛ ነኝ» ብሎ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ገባ። ሁለት ቀን ነዳው። በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ ሶፋው ላይ ተዘረረ፤ ብስክሌቱም ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የካፖርት መስቀያ ሆኖ ቀረ። እሷ ቤት በጠረገች ቁጥር ፔዳሉ ቁርጭምጭሚቷን ይመታታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ይሄን ነገር ወይ ንዳው ወይ ሽጠው» አለችው።

«ለምን አንቺ አትነጂውም?» አላት ከሶፋው ሳይነሳ። ማሾፉ ነበር።

ካፖርቶቹን አንስታ አልጋው ላይ ጣለችና ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች። በልጅነቷ የአጎቷን ብስክሌት እየሰረቀች መንዳት ለምዳ ነበርና እግሯ አልረሳም። ስትመለስ መሽቷል። ባልየው ለልጃቸው ደውሏል፣ ለእህቷ ደውሏል፣ የሆስፒታል ስልክ እየፈለገ ነበር።

«የት ገባሽ? ልቤ እኮ ሊቆም ነው።»

«መንገዱ አላልቅ አለኝ» አለችው። ጉንጯ ቀልቷል፣ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዷል፣ ፊቷ ላይ ደግሞ ከሠርጋቸው ወዲህ ያላየው ዓይነት ፈገግታ አለ።

ሴትዮዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጣሪያ የሚነኩ የጨርቅ ጥቅሎች፣ መስኮቱ ስር ደግሞ በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና። የሰፈሩ ሰፊ ሁሉ በየመኪናው ሞተር ሲያስገጥም እሷ «ሞተር ቁም ሲሉት አይሰማም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሃያ ዓመት በእግሯ ረግጣለች። ያን ሁሉ ዘመን ስትረግጥ ከወንበሯ ስንዝር ፈቀቅ ብላ አታውቅም። ብስክሌቱ ላይ ግን በረገጠች ቁጥር ዛፉም፣ አጥሩም፣ የመብራት ምሰሶውም ወደ ኋላ ይሮጣል። ደስታዋ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በክረምቱ ማብቂያ ላይ አንዲት ጡረተኛ የስፖርት መምህርት መጋረጃ ሊያሰፉ መጡ። የአማተር ብስክሌተኞች ክለብ ዳኛ ናቸው፤ ፊሽካ ከአንገታቸው ስለማይለይ ሰው ሁሉ እትዬ ፊሽካ ይላቸዋል። ጨርቁን አላዩትም። ስፌት መኪናው ስር ጎንበስ ብለው የሰፊዋን ባት ያያሉ።

«ይሄ እግር እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ።

«መጋረጃ ይሰፋል፣ እትዬ።»

«ክሮኖ የሚባል የብስክሌት ውድድር አለ። አንድ በአንድ ነው የምትነሱት፤ ተፎካካሪሽ ሰዓቱ ነው። ከሰው ጀርባ መደበቅ የለም፣ ነፋስ የሚከልልሽ የለም። ሐይቁ ዳር ደግሞ በጋው ሲያልቅ ትራያትሎን አለ፤ ይዋኛል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ይሮጣል። ክለቡ ወደዚያ የሚልከው በክሮኖ ሚኒማ ያሟላውን ብቻ ነው፤ ከተቆረጠው ሰዓት ቀድሞ የገባውን ማለት ነው።»

ዳኛዋ የመጋረጃውን ልክ እንኳ ሳይናገሩ ሄዱ። ሰፊዋ ግን ሐይቁ ከልቧ አልወጣ አለ። ሃያ ዓመት የሰው መስኮት ስታለብስ ኖራለች፤ መጋረጃው ካማረ የሚደነቀው ቤቱ ነው፣ እመቤቲቱ ናት፣ ሶፋው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «ይሄ የኔ ነው» የምትለው ነገር አማራት። እንደ እርጉዝ አማራት።

የመጀመሪያውን ክሮኖ ያበላሸችው በገዛ እጇ ነው። የብስክሌተኛ ቁምጣ መቀመጫው ላይ ስስ ስፖንጅ ይኖረዋል ሲሏት፣ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብላ ከሶፋ የተረፈ ስፖንጅ ቆርጣ ሰፋችበት። የሶፋ ስፖንጅ የሶፋ ነው። ኮርቻው ላይ ስትወጣ አንድ ክንድ ከፍ አለች፤ እግሯ ፔዳሉን በጣቷ ጫፍ ነው የሚያገኘው። መድረሻው ላይ ስትወርድ እንደ ዳክዬ እየተራመደች ስለመጣች እትዬ ፊሽካ ፊታቸውን መንገዱ ዳር ወዳሉት መጋዘኖች አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። እሷም ሳቀች። በማግስቱ ስፖንጁን ነቅላ ጣለችው።

ዋናውን ደግሞ ነርስ ልጇ ልታስተምራት በሳምንት ሁለት ቀን የሕዝብ መዋኛ ይዛት ትሄዳለች። እጇ ደህና ነው፣ እግሯማ አይጠየቅም፤ ትንፋሽ ላይ ግን ሰመጠች። ፊቷን ውሃ ውስጥ ስትከት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች፤ ያንን የዘጋችውን አፍ የሚከፍት አልተገኘም። ልጅቷ ብዙ አስባ አንድ ቀን ገባት።

«እማዬ፣ አፍሽ ውስጥ እኮ ስፒል የለም። ተንፍሺ።»

እውነት ነው። ጨርቅ ስታያይዝ ስፒሉን በከንፈሯ ነክሳ ነው የምትሠራው፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር አፏ በራሱ ይዘጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብላ «ስፒል የለም፣ ስፒል የለም» ትላታለች፤ እናትየዋም ውሃውን ቡልቅልቅ እያደረገች ትስቃለች። የመዋኛው ጠባቂ እናትና ልጅ ላይ ምን እንደወረደ አልገባውም።

ሁለተኛው ክሮኖ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። መንገዱ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ቦታ ብቻ የሚታጠፍ ሜዳ ነው፤ የዚያን ቀን ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። አንገቷን ደፍታ እየታገለች ሳለ ድንገት ነፋሱ ጸጥ አለ። ቀና ስትል የዳቦ መኪና ከፊቷ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ባሏ ነው። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ «ተጠጊ፣ ተጠጊ» እያለ ያወራጫል። ሸሽታ ልትቀድመው ብትሞክር ፈጠን ይላል፤ ወደ ግራ ብትል ወደ ግራ ይላል። እትዬ ፊሽካ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ተሰረዘች።

«ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» አለችው ማታ።

«ነፋሱ ሲመታሽ እያየሁ ምን ላድርግ?»

«እያየህ ዝም በል።»

«እሱንስ አልችልበትም» አላት። እውነቱን ነው። ይሄ ሰውዬ ሰልፍ ሲኖር ቀድሟት የሚሰለፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ የሚያለብሳት፣ ልጃቸው ስትወለድ አዋላጆቹ ጎትተው ያስወጡት ሰው ነው። ክፋት ቢሆን ይቀላት ነበር። ቆሽቷ አረረ፤ ግን ፍቅር ላይ እንዴት ይጮሃል?

በሦስተኛው ክሮኖ እንደማይመጣ በልጁ ማለ። እውነትም ከፊቷ አልመጣም። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ መኪናው ነፋሱን ከልሎ፣ መንገዱን ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዳቦ ላደርስ ነው» ይላል። አንድም ሱቅ በሌለበት፣ ሲሚንቶ ብቻ በሚከማችበት መንገድ። እንደገና ተሰረዘች። ብስክሌተኞቹ ከዚያ ወዲህ የነፋስ አጥር የሚል ስም አወጡለት፤ እሱ ስሙን ወዶታል። እሷ ግን ሦስት ቀን አኮረፈችው። ከትራያትሎኑ በፊት የቀረው አንድ ክሮኖ ብቻ ነበር።

በመጨረሻው ክሮኖ ማለዳ ባልየው እንደ ልማዱ የመኪናውን ቁልፍ ወጥ ቤት ምስማር ላይ ሰቅሎ፣ ከጎረቤቱ ዳቦ ቤት ሳጥን እያወጣ ይጭን ነበር። ቁልፉን አየችው። ቁልፉም ያያት መሰላት። ቀስ ብላ አወረደችው፤ ራሷ በሰፋችው ማሊያ የጀርባ ኪስ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘግታ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ አለች።

ነፋሱ የዚያን ቀንም ከፊት ነበር። ዛሬ ግን ነፋሱ የሷ ነው። ፊቷን ሲመታት፣ ዓይኗን ሲያስለቅሳት፣ እጅጌዋን ሲያርገበግበው ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከፊቷ ማንም የለም፤ አስፋልቱና ሰማዩ ብቻ። ቁልፉ ጀርባዋ ላይ ቅጭል ቅጭል ይላል። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዞ ሲሻገር አየች።

ዳቦው።

መኪናው ሙሉ ተጭኗል፤ ሱቆቹ ይጠብቃሉ፤ ቁልፉ እሷ ኪስ ውስጥ ነው። ባሏን ከመንገዱ ላርቅ ብላ ሰፈሩን በሙሉ ያለ ቁርስ አስቀርታለች። ድንጋጤው እግሯ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ የነዳችው ሚኒማ ለማሟላት አይደለም፤ ቁልፍ ለማድረስ ነው። ከሷ በፊት የተነሱትን ሁለት ሰዎች በየተራ አለፈቻቸው፤ እንዳለፈቻቸውም አላወቀችም። መድረሻው መስመር ላይ እትዬ ፊሽካ እጃቸውን ሲያወዛውዙ እሷ አልቆመችም። በዚያው ፍጥነት ከመጋዘኖቹ ወጥታ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ወደ ሰፈሯ ገሰገሰች።

ባሏ ከቤቱ ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ተነክሯል። ጎኑ ባዶ የዳቦ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ የግንበኛው ጎረቤታቸው የእጅ ጋሪም ቆሟል።

«ቁልፉን እኮ...» ብላ ጀመረች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ምስማሩን ሳየው ገባኝ» አላት። «በጋሪ አደረስኩት። የዳገቱ ባለ ሱቅ ብቻ ዘግይቶ ደረሰው፤ ሲሰድበኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እና አሟላሽ?»

«አላውቅም። አልቆምኩም።»

ስልኳ ቤት ውስጥ ጮኸ። እትዬ ፊሽካ ናቸው። «አንቺ ሴት፣ ሰው መድረሻው ላይ ሲደርስ እኮ ይቆማል» አሉ፤ ከዚያ ሚኒማውን አሟልታ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ መግባቷን ነገሯት። ባልየው ባዶውን ሳጥን አናቱ ላይ ደፍቶ መንገዱ መሃል ጨፈረ። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። እሷ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነበር፣ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

የትራያትሎኑ ዕለት ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ባልየው መኪናውን አቆመና ሳይጠየቅ ቁልፉን ነቅሎ ዘረጋላት።

«ያዢው» አላት። «እኔ ራሴን አላምነውም።»

የዋና ልብሷን ለብሳለች፤ ኪስ የለውም። መዳፉን ይዛ ቁልፉን አስቀመጠችበትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

«ውሃ ውስጥ ቁልፍ አይያዝም። ያው አንተው ያዘው» አለችው። «የተመልካቹን ገመድ ግን አታልፍም። ሰው ከነካኝ ይሰርዙኛል።»

ውሃው ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ እየተንቦጫረቀ ጥሏት ሄደ፤ እሷ ግን አፏን ከፍታ ተነፈሰች፣ ደግማ ተነፈሰች፣ ስፒል የለም እያለች ዳር ደረሰች። ስትወጣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች። ብስክሌቱ ላይ ብዙዎቹን ለቀመቻቸው። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አንዴ ገፍቶ ሊጥላት ደረሰ፤ ያኔ ሳታስበው ቀና ብላ የዳቦ መኪናውን ፈለገች። መኪናው ቅድም የቆመበት ዛፍ ስር ነው። ባሏም ገመዱ ጋ እንደ ተተከለ ቆሟል፤ እጁ ተጨብጦ፣ ከንፈሩ ተነክሶ፣ ዓይኑ እሷ ላይ። አለፈችው።

ከዚያ ሩጫው መጣ። የተወሰነውን ሮጠች፣ የተወሰነውን ተራመደች፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ጓደኛ አፍርታ እያወሩ ጨረሱት። መስመሩን ስታልፍ ብዙ ተመልካች ሄዷል። ልጇ እያፏጨች ትዘላለች። ባልየው ግን ከገመዱ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«እትዬ፣ አሁን መንካት ይፈቀዳል?» አለ።

እትዬ ፊሽካ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ሴትዮዋ አዩ። «ጨርሳለች። ይፈቀዳል» አሉት።

ገመዱን አልፎ መጣና አጠገቧ ሲደርስ ግራ ገብቶት ቆመ። ጨብጦት የዋለውን እጁን ሲከፍት የቁልፉ ጥርስ መዳፉ ላይ በቀይ ታትሟል። እጁን ወስዳ የታተመበትን በአውራ ጣቷ አሸችለት። ከዚያ ብርድ ብርድ አላት፤ ልብሷ ርጥብ ነው፣ ነፋሱም እየበረታ ነው፣ መኪናው ደግሞ ሩቅ ነው የቆመው።

«እስቲ ከፊቴ ሂድልኝ» አለችው።

ካፖርቱን አውልቆ በሁለት እጁ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ከፊቷ ሄደ። እሷም ከጀርባው ተጠግታ፣ ቀስ እያለች ተከተለችው።