ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቀረችው ቦታ

አባታችን ከሞተ በኋላ የአዳማው ቤት ለሁለት ሲከፈል ማንም አልተጣላም። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። እኔ አላገባሁም፤ እናቴም ከእኔ ጋር መኖር መረጠች። ሳሎኑ መሃል ለመሃል በብሎኬት ተዘጋ፣ ግቢው ውስጥም አጥር ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ልታጠብ ስነሳ ነው ነገሩ የገባኝ። መታጠቢያ ቤቱ በእነሱ በኩል ቀርቷል። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጠን ስንነጋገር አንዳችንም አላሰብነውም።

መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረም። የወንድሜ ሚስት "ቤታችሁ አይደል እንዴ፣ ምን ትጠይቃላችሁ?" ትለን ነበር፤ ከልቧም ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅያሪ ልብሷን በነጠላዋ ሸፍና፣ በውጭው በር ዞራ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን እንግዶች በረንዳው ላይ ምሳ ሲበሉ ደረሰች። ሁሉም ብድግ ብለው "ይግቡ፣ ይግቡ" አሏት። እሷም ሰላም ብላቸው ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደችም።

"ፎጣ ይዤ በሰው ፊት አልዞርም" አለችኝ።

"የልጅሽ ቤት እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ልጄ ቤት ልጠይቀው እሄዳለሁ። ገላዬን ልታጠብ ግን አልሄድም።"

ስለዚህ በእኛ በኩል ሻወር መሥራት ነበረብኝ። ባዶ የቀረን ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በቤቱ ግድግዳና በግቢው አጥር መካከል። መግቢያው ላይ ሁለት እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ ግድግዳ አይነኩም። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን እየጠበበ ይሄድና ጫፉ ላይ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም።

የምሠራው ዱከም፣ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ሲመሽ ስለምመለስ ለቤቱ ነገር ያለኝ እሑድ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጠመኔ ይዤ ወደዚያች ቦታ ሄድኩና መሬቱ ላይ መሳል ጀመርኩ። ሻወሩ እዚህ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ እዚህ፣ በሩ እዚህ። እናቴ መጥታ በመስመሮቹ መሃል ቆመች።

"ሳሙናው ቢወድቅብኝስ?" አለችና ጎንበስ ስትል ግንባሯ አጥሩን ሊመታ ለጥቂት ተረፈ። ሁለታችንም ሳቅን። መቀመጫውን ወደ ጠባቡ ጫፍ ወሰድኩት፤ ወንበር አምጥቼ ብቀመጥበት ጉልበቴ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። በሩ ወደ ውስጥ ቢከፈት የሚታጠበውን ሰው ይገፋል፤ ወደ ውጭ ቢከፈት የወጥ ቤቱን በር ይዘጋል። በእግሬ እያጠፋሁ ደጋግሜ ሳልኩት። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ የሳልኩትን ሲያለብሰው እንደገና ጀመርኩ። ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ። በመጨረሻ መቀመጫውን ተውኩት። የድሮው የጓሮ ሽንት ቤት በእኛ በኩል ስለቀረ እሱ ይበቃናል አልኩ።

ግንበኛው መጥቶ ቦታውን ሲያይ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ውሃው ወዴት ይሂድ፣ እህቴ?"

መሬቱ የሚያዘነብለው ወደ ወንድሜ ግቢ ነው። ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድም እዚያ ነው። "በአጥሩ ሥር ቱቦ ካሳለፍን አለቀ" አለ። "ካልሆነም ወለሉን ከፍ አድርገን ወደ መንገዱ ቦይ እናፈሰዋለን። ግን ደረጃ ይኖረዋል፤ ሦስት ያህል።"

እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ጉልበቷን ታሽ ነበር። ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች፤ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ እንኳ አንድ ሰው ከላይ ይስባታል፣ እኔ ከኋላ እደግፋታለሁ።

ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ግቢውን ገና አዲስ ታይልስ አስነጥፎ ነበር።

"ቱቦው በዚህ ሥር ነው የሚያልፈው?"

"አዎ፣ በአንድ መስመር ብቻ።"

"መሰበር አለበት ማለት ነው።" ወለሉን አየት አደረገ። "እስቲ ላስብበት።"

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። እናታችን ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሥራውን ጥሎ ያስታመማት እሱ ነው። "አይሆንም" ቢለኝ እከራከረው ነበር፤ "ላስብበት" የሚልን ሰው ግን ምን ብዬ ልከራከረው? ሌላ ቀን ስጠይቀው ከባለቤቱ ጋር እንደሚነጋገር ነገረኝ። ቀጥሎ ፋሲካ ይለፍ አለ። ፋሲካም አለፈ።

"አንቺ ንገሪው፣ አንቺን እምቢ አይልሽም" አልኳት እናቴን።

"ለገላ መታጠቢያ ብዬ ልጄን አልለምንም" አለች። "ደረጃውን እወጣለሁ።"

ግንበኛው ወለሉን ከፍ አድርጎ ሠራው። እሱ ሲሠራ እኔ ዱከም ነበርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ፤ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎበት ያምራል። በጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ወደ መውረጃው ትንሽ ሄደና ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ በሩ መጣ።

"አብሽሪ፣ ሲደርቅ ይስተካከላል" አለኝ ግንበኛው፣ ዕቃውን እየሰበሰበ።

ወለል ሲደርቅ ተዳፋቱን እንደማይቀይር ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን "እሺ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ስልክ አያነሳም።

ቅዳሜ እናቴ ከሥራ እስክመለስ ጠብቃ ልትታጠብ ወጣች። ትከሻዬን ይዛ፣ በየደረጃው እያረፈች ገባችና በሩን ዘጋችው። ውጭ ቆሜ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። "ደስ ይላል!" አለችኝ ከውስጥ፤ እኔም ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ከነአረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ይወርድ ጀመር። ጋቢዋን ተከናንባ በሩን ስትከፍት እርጥቡን ደረጃ አየችና ቆመች።

"አልወርድም።"

"እኔ እይዝሻለሁ፣ እማዬ።"

"ሁለታችንም እንወድቃለን።"

እውነቷን ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ከጎኗ ልቆም አልችልም፣ ከፊት ለፊት ሆኜ ደግሞ አልችላትም። እጆቼን ወደ እሷ እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ነፋሱ ሲነፍስባት መንቀጥቀጥ ጀመረች። በመጨረሻ ልጅ ሆኜ እንደምጠራው "ጋሼ! ጋሼ!" ብዬ በአጥሩ ላይ ተጣራሁ።

ወንድሜ በውጭው በር ዞሮ እየሮጠ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ በጫማው አረፋውን ረግጦ ወጣና ታቀፋት። እናቴ ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች። እኔ ነጠላ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው። አልጋዋ ላይ አስቀመጣት።

"እኔ ጋ ብትታጠቢ ምን ነበረበት?"

"ምንም አልነበረበትም፣ ልጄ" አለች፣ ፊቷን ሳትገልጥ።

ሲወጣ በሩ ላይ ያዝ አድርጎኝ "ታይልሱን አስቆርጠዋለሁ፤ በዚህ ሳምንት" አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህ የሆነው ከክረምቱ በፊት ነው። አንድ ጊዜ ሜትር ይዞ መጥቶ አጥሩን ለክቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እሱ ቀድሞ "አልረሳሁትም" ይለኛል፤ እኔም ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ "እሺ" እለዋለሁ። ሻወሩን የምጠቀምበት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከታጠብኩ በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ በላስቲክ መጥረጊያ እየገፋሁ አስወጣለሁ። እናቴ ክፍሏ ውስጥ በሳፋ ትታጠባለች። ውሃ አሙቄ አስገባላታለሁ፤ ከዚያ "ውጪ" ትለኛለች፤ ጀርባዋን እንኳ ላሽላት ብል እሺ አትልም። ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። አንዳንዴ የውሃው ድምፅ ይቋረጣል፤ ላንኳኳ ወይስ ልተዋት ግራ ይገባኛል።

"እማዬ?"

"አለሁ" ትለኛለች።